መገኘት ሌላ፣ መሥራት ሌላ

መምህሩ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ተመራማሪዋ የቀድሞ ተማሪያቸው ናት፤ ዛሬ በውጭ አገር ላቦራቶሪ ውስጥ ፕሮቲኖች በህዋስ ውስጥ የትኛውን የዲኤንኤ ክፍል እንደሚይዙ ታጠናለች። በጭውውታቸው የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መምህር፦ ልጄ፣ ስትመጪ ልጠይቅሽ ብዬ ያቆየሁት ነገር አለ። ጉበት ለምን ዓይን እንደማይሆን ተማሪ ሲጠይቀኝ፣ "ዲኤንኤው አንድ ቢሆንም ጂኖቹ እዚህ በርተው እዚያ ይጠፋሉ፤ የሚያበሯቸውና የሚያጠፏቸውም ዲኤንኤ ላይ የሚያርፉ ፕሮቲኖች ናቸው" እያልኩ ነው የኖርኩት። መጽሐፉም ይኸንኑ ይላል። ግን ማን አየ? በሕይወት ባለ ህዋስ ውስጥ ይህ ፕሮቲን እዚያ ጂን ላይ ማረፉ በምን ይታወቃል?

ተመራማሪ፦ ጋሼ፣ እርስዎ በሚያውቁት በሽታ ልጀምርልዎ፤ በወባ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ህዋስ ውስጥ ሲገባ ደፊ የሚባል ፕሮቲን ይዞ ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሰው ይህ ፕሮቲን በቀይ የደም ህዋሱ ላይ የለውም፤ ቫይቫክስም እዚያ ብርቅ ነው። እኛ አገር ግን ያለውም የሌለውም ሰው አብሮ ይኖራል፤ ቫይቫክስም በሰፊው አለ።

መምህር፦ የሌላቸው ሰዎች ጂኑ ራሱ የላቸውም?

ተመራማሪ፦ አላቸው፤ ሙሉ ነው። ፕሮቲኑም ቢሆን በደም ሥራቸው ግድግዳ ህዋሳት ላይ ይገኛል። የታጣው ከቀይ የደም ህዋስ ላይ ብቻ ነው። በ1995 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙ። ጂኑ ከሚጀምርበት ቦታ ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ፊደል ተለውጧል፤ ቲ የነበረው ሲ ሆኗል። ያ ቦታ ጋታ-1 የሚባል ፕሮቲን ማረፊያ ነው። ጋታ-1 የቀይ ደም ህዋስ ሲሠራ ከሚያዙት ዋና ዋና ፕሮቲኖች አንዱ ነው። ማረፊያው ሲበላሽበት ጂኑ በቀይ የደም ህዋስ ውስጥ አይነሣም፤ ጋታ-1 በማያዝዝበት በደም ሥር ግድግዳ ግን እንደ ወትሮው ይሠራል።

መምህር፦ አንድ ፊደል! ከሦስት ቢሊዮን ፊደል ውስጥ አንዷ ተለውጣ አንድን ተውሳክ ከደጅ መለሰች ማለት ነው። ታዲያ ጋታ-1 እዚያ ቦታ እንደሚያርፍ እንዴት ይፈተናል?

ተመራማሪ፦ ቀላሉ መንገድ በቱቦ ውስጥ ነው። ከ1981 ጀምሮ የተለመደ ዘዴ አለ። አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ከፕሮቲኑ ጋር ይደባለቅና በጄል ላይ በኤሌክትሪክ ይሮጣል። ፕሮቲን የያዘው ቁራጭ ስለሚከብድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ባዶው ቀድሞ ይሄዳል። ፊደሉን ለውጠው ሲሞክሩ ወደ ኋላ የቀረው ጭረት ከጠፋ፣ ፕሮቲኑ ያንን ፊደል እንደሚፈልግ ያውቃሉ።

መምህር፦ ጥሩ ነው፤ ግን ቱቦ ህዋስ አይደለም።

ተመራማሪ፦ አዎ፣ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው ዲኤንኤ እርቃኑን ነው። በአንድ የሰው ህዋስ ውስጥ ግን ወደ ሁለት ሜትር የሚደርስ ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ፣ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ በማይበልጥ ኒውክለስ ውስጥ ታጭቋል። የጋታ-1 ማረፊያ የፊደል ቅደም ተከተል ደግሞ አጭር ስለሆነ በሰው ዲኤንኤ ውስጥ በሚሊዮን ይቆጠራል። በቱቦ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ይይዝ ነበር። በደም ህዋስ ውስጥ ሲፈለግ ግን የተገኘው ከመቶ አንድ እጅ በማይሞሉት ላይ ነው። የትኞቹ ላይ እንደሆነ ለማወቅ ህዋሱን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

መምህር፦ ህዋስ እንዴት ይጠየቃል?

ተመራማሪ፦ በብዛት የምንሠራበት ዘዴ ቺፕ ይባላል። ህዋሳቱ በሳህናቸው ላይ በሕይወት እያሉ ፎርማልዲሃይድ እንጨምርባቸዋለን፤ መጠኑ ከመቶ አንድ እጅ፣ ጊዜው 10 ደቂቃ ያህል።

መምህር፦ አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚያደርጉት ፎርማሊን?

ተመራማሪ፦ እሱው ነው፤ በጣም ቀጥኖ። ሞለኪውሉ ትንሽ ስለሆነ በቶሎ ኒውክለስ ይደርሳል፤ ፕሮቲኑን ካረፈበት ዲኤንኤ ጋር ያያይዘዋል። ከዚያ ግላይሲን እንጨምራለን፤ የተረፈውን ፎርማልዲሃይድ ይዞ ሥራውን ያስቆመዋል። ሰዓት መጠበቅ እዚህ ላይ ግድ ነው። ጊዜው ከበዛ ሁሉም ነገር ይጣበቅና አልቆረጥ ይላል፤ ካነሰ ደግሞ የያዝነው በእጥበት ጊዜ ያመልጣል።

መምህር፦ ቀጥሎስ?

ተመራማሪ፦ ህዋሳቱን አፍርሰን ዲኤንኤውን በድምፅ ሞገድ እንቆራርጣለን። ቱቦው እንዳይግል በበረዶ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ለጥቂት ሴኮንድ ይመታዋል፣ ያሳርፈዋል፣ እንደገና ይመታዋል። መጀመሪያ ፈሳሹ ድፍርስ ነው፤ እየተቆራረጠ ሲሄድ ይጠራል። አረፋ ካወጣ ግን ሞገዱ በደንብ አይደርስበትም፤ ያ ቀን እንደጠፋ ይቆጠራል። የምንፈልገው ከ200 እስከ 500 ፊደል የሚረዝም ቁራጭ ነው፤ መድረሱን ጥቂቱን ጄል ላይ አሂደን እናረጋግጣለን። ከዚህ ሁሉ ቁራጭ ላይ ትንሽ ቀንሰን ለብቻው እናስቀምጣለን። ኢንፑት እንለዋለን፤ ኋላ ማነጻጸሪያ የሚሆነን እሱ ነው።

መምህር፦ የጋታ-1ን ቁራጭ ከሌላው በምን ትለዪዋለሽ?

ተመራማሪ፦ በአንቲቦዲ። ጋታ-1ን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ማግኔት በሚስባቸው ጥቃቅን እንክብሎች ላይ ይያያዝና በ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ ከቁራጮቹ ጋር ያድራል። ጠዋት ቱቦውን ማግኔት ላይ ስናቆመው እንክብሎቹ ወደ አንድ ጎን ተሰብስበው ቡናማ ነጥብ ይሠራሉ፤ ፈሳሹን በፒፔት መጥጠን እናወጣለን። ጨውን እየጨመርን ደጋግመን እናጥባለን። በመጨረሻ በ65 ዲግሪ ሙቀት ፎርማልዲሃይዱ ያያያዘውን እንፈታለን፤ ፕሮቲኑን በኢንዛይም አጥፍተን ዲኤንኤውን ብቻ እናስቀራለን። ያ ዲኤንኤ ጋታ-1 ይዞት የነበረው ነው። የምናውቀውን አንድ ቦታ ለማየት በፒሲአር እንለካዋለን፤ ሁሉንም ለማወቅ ደግሞ ፊደሉን በማሽን እናስነብባለን።

መምህር፦ ይህን ማን ጀመረው?

ተመራማሪ፦ በ1984 ዴቪድ ጊልሞርና ጆን ሊስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ጀመሩት፤ መጀመሪያ በባክቴሪያ፣ ቀጥለው በፍራፍሬ ዝንብ ህዋስ። ፎርማልዲሃይዱን ደግሞ ማርክ ሶሎሞንና አሌክሳንደር ቫርሻቭስኪ በ1985 እና በ1988 ባወጧቸው ጽሑፎች አስለመዱት። በ1986 እነ ጊልሞር ያገኙት ነገር ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ዝንብ ሙቀት ሲበዛባት ራሷን የምትከላከልበት ኤችኤስፒ-70 የሚባል ጂን አላት። ሳይሞቅ ጂኑ አይሠራም። መጽሐፉ እንደሚለው ቢሆን፣ ጂኑን የሚያነበው አርኤንኤ ፖሊመሬዝ የሚመጣው ከሞቀ በኋላ መሆን ነበረበት።

መምህር፦ መሆን ነበረበት እንጂ።

ተመራማሪ፦ ሳይሞቅም እዚያው ተገኘ። ከጂኑ መነሻ ላይ ቆሞ ነበር። ሊስና ባልደረባው በ1988 እንዳሳዩት፣ ጥቂት ፊደል አንብቦ የቆመ ነው፤ ሙቀቱ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ብዙ ሰው የአንድ ጂን ጠባይ ነው ብሎ ነበር። ዘዴው መላውን ዲኤንኤ ማየት ከቻለ በኋላ ግን፣ በ2007፣ በዝንብም በሰውም ህዋስ ውስጥ በብዙ ጂኖች ላይ ፖሊመሬዝ እንዲሁ ቆሞ ተገኘ። ስለዚህ "በራ፣ ጠፋ" የምንለው ነገር መሐሉ ላይ ሌላ ደረጃ አለው።

መምህር፦ ይህ ለክፍል የሚሆን ነገር ነው። መላውን ዲኤንኤ ማየት ተቻለ ያልሽው ግን እንዴት ነው?

ተመራማሪ፦ በየጊዜው ከመጣው የንባብ መሣሪያ ጋር ነው ያደገው። በ2000 በእርሾ ላይ የተያዘውን ዲኤንኤ፣ የታወቁ የዲኤንኤ ቁራጮች በተደረደሩበት መስታወት ላይ አሳርፈው አነበቡት። በ2007 ማሽኖቹ በሚሊዮን የሚቆጠር ቁራጭ በቀጥታ ማንበብ ሲችሉ ቺፕ-ሴክ መጣ። በካሊፎርኒያ የተሠራ አንድ ጥናት፣ የነርቭ ጂኖችን ከነርቭ ውጪ ባሉ ህዋሳት ውስጥ የሚያፍን ፕሮቲን በሰው ዲኤንኤ ላይ በ1946 ቦታዎች አገኘው። ከነዚህ መሣሪያዎች በፊት ማረፊያዎቹ አንድ በአንድ ነበር የሚፈለጉት።

መምህር፦ አሁን ጥርጣሬዬን ልንገርሽ። በሕይወት ያለን ህዋስ አጠናለሁ ብለሽ ጀመርሽና ፎርማሊን አፈሰስሽበት። ፎርማሊኑ ከገባ በኋላ ያ ህዋስ ሕያው ነው? ያየሽውስ የኖረውን ነው ወይስ አንቺ ያደረግሽበትን?

ተመራማሪ፦ ጋሼ፣ በትክክል የሚያስፈራን ነገር ይኸው ነው። በ2013 ከበርክሌይ የወጣ አንድ ጥናት ልንገርዎ። ተመራማሪዎቹ በእርሾ ውስጥ ሰር የሚባሉ ጂን አፋኝ ፕሮቲኖችን በቺፕ ሲፈልጉ፣ ፕሮቲኖቹ ባልተጠበቁ 238 ቦታዎች ላይ ተገኙ። ቦታዎቹ በጣም ከሚሠሩት ጂኖች መሐል ናቸው። አፋኝ ፕሮቲን በሚሠራ ጂን ላይ! ቢያትሙት ትልቅ ዜና ይሆን ነበር። እነሱ ግን አረንጓዴ የሚያበራውን ፕሮቲን፣ ጂኤፍፒን፣ ወደ ኒውክለሱ አስገብተው ያንኑ ሙከራ ደገሙት። ጂኤፍፒ ከጄሊፊሽ የተወሰደ ነው፤ ከእርሾ ዲኤንኤ ጋር ምንም ሥራ የለውም።

መምህር፦ አልተገኘም በይኛ።

ተመራማሪ፦ በነዚያው ቦታዎች ተገኘ። ብዙ ንባብ የሚካሄድባቸው ቦታዎች በዚህ ዘዴ ያገኙትን ፕሮቲን ሁሉ የያዙ ይመስላሉ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ፣ ፕሮቲኑ ጨርሶ በሌለበት ህዋስ ላይ ተመሳሳዩን ሙከራ ያላሳየ ጽሑፍ ሳነብ ቆም እላለሁ። ኢንፑት ብቻውን አይበቃም፤ አንቲቦዲውም ጋታ-1 ነው ብሎ ሌላ ፕሮቲን ሊይዝ ይችላል። ፕሮቲኑን ከህዋሱ አጥፍተው ምልክቱ አብሮ ከጠፋ ግን ማመን ይቻላል።

መምህር፦ ይህ ያልነበረ ነገር ማሳየቱ ነው። የነበረውን መደበቅስ ይችላል?

ተመራማሪ፦ ይችላል። ህዋስ ሲከፋፈል ፕሮቲኖቹ ክሮሞሶሙን ለቅቀው ይወጣሉ ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር፤ በፎርማልዲሃይድ የተያዙ ህዋሳት ሲታዩ እንደዚያ ነው የሚመስሉት። በ2016 ሌላ የበርክሌይ ቡድን ሶክስ-2 በሚባል ፕሮቲን ላይ የሚያበራ ምልክት አስሮ፣ ምንም ኬሚካል ሳይጨምር በማይክሮስኮፕ አየው። ሶክስ-2 በሚከፋፈለው ክሮሞሶም ላይ ነበር። እዚያው ሳህን ላይ ፎርማልዲሃይድ ሲጨምሩ ከክሮሞሶሙ ላይ የጠፋ መሰለ። ያባረረው የህዋሱ መከፋፈል ሳይሆን ማያዣው ራሱ ነው።

መምህር፦ እንግዲያው ማይክሮስኮፑን ይዛችሁ ቺፕን ለምን አትተዉትም?

ተመራማሪ፦ ማይክሮስኮፑ ፕሮቲኑ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያሳያል፤ የትኛው ጂን ላይ እንዳረፈ ግን ብዙውን ጊዜ አይነግርዎትም። ቺፕ የትኛው ጂን እንደሆነ ይነግርዎታል፤ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ግን አያውቅም። በ2014 ሶክስ-2 በአንድ ማረፊያ ላይ የሚቆየው በአማካይ ወደ 12 ሴኮንድ እንደሆነ ተለካ። እኛ ፎርማልዲሃይዱን የምናቆየው 10 ደቂቃ ነው። በካርታችን ላይ ትልቅ ተራራ ሆኖ የሚታየው ምልክት፣ አንድ ፕሮቲን ተቀምጦበት ሳይሆን ብዙዎች እየመጡ እየሄዱበት ሊሆን ይችላል።

መምህር፦ ገባኝ። ገበያ ውስጥ እንደተነሣ ፎቶ ነው፤ ከሱቅ ደጃፍ የቆመ ሁሉ ሸማች አይደለም፣ ስንት ሰዓት እንደቆመም ፎቶው አይናገርም።

ተመራማሪ፦ ልክ ነው። ለዚህ ነው ድክመታቸው የማይመሳሰል ዘዴዎችን የምናጣምረው። ባስ ቫን ስቴንሴልና ስቲቨን ሄኒኮፍ በ2000 ያወጡት ዳም-አይዲ የሚባል ዘዴ አለ፤ ፎርማልዲሃይድም አንቲቦዲም አይፈልግም። ፕሮቲኑ ላይ የባክቴሪያ ኢንዛይም ይታሰርና ህዋሱ እየኖረ ሳለ ፕሮቲኑ በደረሰበት ዲኤንኤ ላይ ኬሚካላዊ ምልክት ያደርጋል። ድክመቱ ምልክቱ ለሰዓታት መጠራቀሙ ነው። በ2017 ደግሞ ከሄኒኮፍ ላቦራቶሪ፣ ከሲያትል፣ ካት-ኤንድ-ራን መጣ። በዚህኛው ህዋሱ አይፈርስም። ሽፋኑ ብቻ ይበሳና አንቲቦዲው ይገባል፤ እሱን ተከትሎ ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም ይሄድና አጠገቡ ይቆማል። ኢንዛይሙ ያለ ካልሲየም አይቆርጥም። ሁሉም ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ በበረዶ ላይ እያለ፣ ካልሲየም እንሰጠዋለን። ፕሮቲኑ ያለበትን ዲኤንኤ ከግራና ከቀኝ ይቆርጠዋል፤ ቁራጩ ከኒውክለሱ ወጥቶ ፈሳሹ ውስጥ ይገባል፤ የተቀረው ዲኤንኤ እዚያው ይቀራል።

መምህር፦ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?

ተመራማሪ፦ ከማይፈለገው ዲኤንኤ የሚመጣው ጫጫታ ይቀንሳል። ለቺፕ-ሴክ አብዛኛውን ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር ህዋስ ያስፈልገን ነበር፤ በካት-ኤንድ-ራን ግን በሂስቶን ላይ ለሚገኙ አንዳንድ ኬሚካላዊ ምልክቶች 100 ያህል ህዋስ እንደሚበቃ ታይቷል። ይህ ማለት ከአንድ ታማሚ በተወሰደ ጥቂት ናሙና ላይ መሥራት ይቻላል። ቺፕ ያሳየንን ቦታ ካት-ኤንድ-ራንም ካሳየን እምነታችን ይጠነክራል፤ ካልተስማሙ ደግሞ ያለመስማማታቸው ምክንያት ራሱ መጠናት አለበት።

መምህር፦ እሺ፣ ቦታው ተረጋገጠ እንበል። ፕሮቲኑ እዚያ መገኘቱ ጂኑን እንደሚያዝዝ ማስረጃ ነው?

ተመራማሪ፦ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ ልነግርዎ የፈለግሁት ይህን ነው። መገኘት ሌላ፣ መሥራት ሌላ። አንድ ፕሮቲን በሺህ የሚቆጠሩ ቦታዎች ላይ ይገኛል፤ ስናጠፋው የሚለወጡት ጂኖች ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሱ ናቸው። ካርታው የት መፈለግ እንዳለብን ይነግረናል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ፍርዱ የሚመጣው ፊደሉን ለውጠን ምን እንደሚሆን ስናይ ነው። የደፊን ነገር ጠንካራ ያደረገው ያ ነው፤ ፊደሉን ተፈጥሮ ራሷ ለወጠችልን፣ ውጤቱም በሰው ደም ላይ ታየ።

መምህር፦ ሰውስ በእጁ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ ያውቃል?

ተመራማሪ፦ አድርጓል፤ የገረመኝም በዚያው በጋታ-1 ማረፊያ ላይ መሆኑ ነው። ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ ያውቃሉ። ሕፃን በማሕፀን ሳለ የሚጠቀምበት ሄሞግሎቢን ከተወለደ በኋላ ይጠፋል፤ ከሚያጠፉት ዋነኛው ቢሲኤል-11ኤ የሚባል ፕሮቲን ነው። ያ ሄሞግሎቢን ቢመለስ በሽታው ይቀላል። ነገር ግን ቢሲኤል-11ኤን ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም፤ ለነርቭና ለነጭ የደም ህዋሳትም ያስፈልጋል። በ2013 የቦስተን ተመራማሪዎች ይህን ጂን በቀይ የደም ህዋስ መሥሪያ ውስጥ ብቻ የሚያነሣሣ የዲኤንኤ ክፍል ለዩ። ወደዚያ ከመሯቸው ምልክቶች አንዱ ጋታ-1 እዚያ ቦታ ላይ በቺፕ መገኘቱ ነው። ግን በዚያ አላበቁም፤ በ2015 ክሪስፐር በሚባል ዲኤንኤ መቁረጫ ያንን ክፍል ቦታ በቦታ እየቆረጡ ፈተኑት። ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው ቁርጥ የጋታ-1ን ማረፊያ የሚያበላሸው ሆነ። በ2023 መጨረሻ በብሪታኒያና በአሜሪካ የተፈቀደው ካስጌቪ የሚባለው ሕክምና የሚቆርጠው ያንን ቦታ ነው።

መምህር፦ ደፊ ላይ ተፈጥሮ የሠራችውን ሐኪም ደገመው ማለት ነው። ማረፊያውን አበላሽተህ ጂኑን በቀይ የደም ህዋስ ብቻ ታስቆማለህ፤ ሌላው የአካል ክፍል አይነካም።

ተመራማሪ፦ እንዲያ ነው። የሕክምናው ዋጋ በአሜሪካ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስለሆነ በሽታው በብዛት ካለባቸው አገሮች ለአብዛኞቹ ገና አልደረሰም፤ ይህ ሊያሳስበን ይገባል። የሳይንሱ መንገድ ግን ግልጽ ነው። የት እንዳለ ተገኘ፣ ተጠረጠረ፣ ፊደሉ ተለውጦ ተፈተነ፤ ሕክምናው የመጣው ከፈተናው በኋላ ነው።

መምህር፦ አሁን ወደ ወባው መልሺኝ። ደፊ የሌለው ሰው ቫይቫክስ አይዘውም ብዬ ነው እኔ የማውቀው።

ተመራማሪ፦ እኛም እንደዚያ ነበር የምናውቀው። ግን ኢትዮጵያን ጨምሮ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ደፊ የሌላቸው ሰዎች ላይ ቫይቫክስ እየተገኘ ነው። በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ በነዚህ ሰዎች መቅኔ ውስጥ፣ ቀይ የደም ህዋሱ ገና እየተሠራ ሳለ፣ ደፊ ለጥቂት ጊዜ ብቅ እንደሚል አሳየ። ማረፊያው የተበላሸበት ጂን ለአጭር ጊዜም ቢሆን ይነሣል ማለት ነው። የሚያነሣው ማን ነው? ጋታ-1 ደክሞም ቢሆን ይይዘዋል ወይስ ሌላ ፕሮቲን አለ? መልሱ ያለው እንዲህ ባሉ ጥቂት የመቅኔ ህዋሳት ውስጥ ነው፤ ካት-ኤንድ-ራንን የመሰለ ዘዴ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

መምህር፦ ያ ደም ያለው እኛ አገር ነው፤ ተውሳኩም እኛ አገር ነው።

ተመራማሪ፦ ሰዎቹም እዚሁ አሉ። አዲስ አበባ በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና በዩኒቨርሲቲዎቻችን ወባ ላይ ሲሠራ ኖሯል። ለዘዴው የሚያስፈልገው ጥሩ አንቲቦዲ፣ ማግኔት፣ በረዶ፣ ሴንትሪፊውጅና ጥንቁቅ እጅ ነው፤ ፊደሉን ማስነበቡ በትብብር ሊሠራ ይችላል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን እርስዎ አሁን ሲጠይቁኝ እንደነበረው የሚጠይቅ ተማሪ ነው። "ፕሮቲኑ ባይኖርስ ይህ ምልክት ይጠፋ ነበር? ሌላ ዘዴስ ይስማማል? ፊደሉ ቢለወጥ ምን ይሆናል?" የሚል።

መምህር፦ ይህንን ለማስተማር ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል። በመጪው ሳምንት የቀድሞ ትምህርት ቤቴ ለተማሪዎች እንድናገር ጠርቶኛል። የደፊን ነገር እነግራቸዋለሁ። ጂኑ እንዳለ፣ አንዲት ፊደል እንደተለወጠች፣ ማን እንዴት እንዳወቀው፣ ምኑ ገና እንዳልታወቀ። ያልታወቀውን ደግሞ የምነግራቸው የእነሱ ድርሻ ነው ብዬ ነው። አንቺም አብረሽኝ መጥተሽ ዘዴውን ታስረጃቸዋለሽ።